ስኳሩ ይቀነስ፤ እንጀራው ግን ከልጆቻችን ገበታ አይነሣ

ሰሞኑን የልጆችን ውፍረት ስለመከላከል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከወላጅ ወደ ወላጅ ሲተላለፍ ሰንብቷል። እኔም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት እናቶች «ሲስተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» እያሉ በስልካቸው ስላሳዩኝ በጥሞና አነበብኩት። የጽሑፉ ጭብጥ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ካርቦሃይድሬት ሁሉ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ስኳር ስለሚሆን እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ከረሜላ ልዩነት የላቸውም፤ ልጅ ያለ ካርቦሃይድሬት በሥጋ፣ በእንቁላልና በቅቤ ጥሩ አድርጎ ያድጋል፤ ሙዝና ማንጎን የመሳሰሉ ፍራፍሬዎችም ስኳር ስለሆኑ መቅረት አለባቸው፣ ማር ግን ተፈጥሯዊ ስለሆነ ይፈቀዳል፤ ልጅ የሚወፍረው ወላጁ ጨክኖ መከልከል ስላቃተው ነው፤ ይህ የአመጋገብ ሥርዓትም በአገራችን ላሉ ልጆች ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ሊተገበር ይገባል። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ይህን ሥርዓት ከተከተለ መድኃኒቱን ሊቀንስ፣ ውሎ አድሮም ሊተው እንደሚችል የምትናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች።

እኔ በአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት እድገት ክትትል ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደተነሡ አልጠራጠርም፤ ያነሡት ጉዳይም አንገብጋቢ ነው። ነገር ግን እውነቱና ስሕተቱ እንደ ስንዴና እንክርዳድ አንድ ማሳ ላይ አብረው ስለበቀሉ፣ አንባቢ እንክርዳዱን ልንቀል ሲል ስንዴውንም አብሮ እንዳይነቅለው እሰጋለሁ። ስለዚህ ነጥቦቹን በተራቸው እያነሣሁ የምስማማበትንም የማልስማማበትንም እጽፋለሁ።

በቅድሚያ የምስማማበትን ልናገር። ልጆቻችን የሚወስዱት ስኳር በዝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም ላይ ከ5 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆችና ወጣቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው 8 በመቶ ሲሆኑ በ2022 ቁጥሩ 20 በመቶ ደርሷል። ይኸው ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር እንዲሁም በማር፣ በሽሮፕና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር በአንድ ላይ ተደምሮ ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ መክሯል። በቀን 1,500 ካሎሪ ገደማ ለሚያስፈልገው ልጅ 10 በመቶው ወደ 37 ግራም፣ ማለትም ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2016 የሰጠው ምክር ከዚህም ጠበቅ ያለ ነው፤ ከ2 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ25 ግራም እንዳይበልጥ፣ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ ጨርሶ እንዳይሰጣቸው ይላል።

እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ሲነበቡ ብዙም አያስደነግጡም። ባለፈው የገና ሰሞን የዘጠኝ ዓመቱን የእህቴን ልጅ ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጬ አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ከፊቱ አቆምኩ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ10 ግራም በላይ ስኳር ስላለ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ወደ 32 ግራም ይጠጋል። ባዶ ብርጭቆ ሰጥቼው ያንኑ ያህል ስኳር በሻይ ማንኪያ ራሱ እየቆጠረ እንዲጨምር አደረግኩት። አራተኛው ላይ ቀና ብሎ «ገና ነው?» አለኝ። ስምንተኛው ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ከግርጌው አንድ ጣት ያህል ከፍታ ያለው ነጭ ክምር ተኝቷል። «ይሄን በማንኪያ ብበላው እማዬ ትቆጣኛለች» አለ። ጠርሙሱን ግን በየበዓሉና በየልደቱ የምትከፍትለት እናቱ ናት፤ እኔም ከፍቼለት አውቃለሁ።

በጣፋጭ መጠጦች ላይ ያለው ማስረጃም ጠንካራ ነው። በኔዘርላንድ ተካሂዶ በ2012 በታተመ ጥናት፣ ከ4 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 641 ልጆች በሁለት ተከፍለው ለ18 ወራት በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር መጠጥ እንዲጠጡ ተደረገ። ለአንደኛው ቡድን የተሰጠው ስኳር ያለበት፣ ለሌላው የተሰጠው ደግሞ ስኳር የሌለበት ነበር፤ ጣዕሙ ስለሚመሳሰል ልጆቹ የትኛውን እንደሚጠጡ አልተነገራቸውም። በመጨረሻ ስኳር ያለበትን የጠጡት በአማካይ 7.37 ኪሎ፣ የሌለበትን የጠጡት 6.35 ኪሎ ጨመሩ። በቀን አንድ ብርጭቆ መጠጥ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ አንድ ኪሎ ያህል ልዩነት አመጣ ማለት ነው። ጸሐፊው ግን ይህን ዋና ነገር በሁለት መስመር አልፈው የቀረውን ገጽ በሙሉ እንጀራን ለመክሰስ አዋሉት። ክርክሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የጽሑፉ ምሰሶ «ካርቦሃይድሬት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስኳር ነው» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። በእህል ውስጥ ያለው ስታርች አንጀት ውስጥ ተሰባብሮ ግሉኮስ የተባለ ስኳር ይሆናል። ሆኖም ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ደግሞ ፍሩክቶስ የተባለ ሌላ የስኳር ዓይነት ነው። ግሉኮስን የሰውነት ክፍሎች ሁሉ ይጠቀሙበታል፤ ፍሩክቶስን ግን በአብዛኛው የሚያስተናግደው ጉበት ሲሆን፣ መጠኑ ሲበዛበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። እንጀራ ላይ ያለው ስታርች ፍሩክቶስ አይወጣውም። እንግዲህ ጸሐፊው አንድ ናቸው ያሏቸው ሁለቱ ነገሮች ጉበት ላይ ሲደርሱ መንገዳቸው ይለያያል።

ይህን ልዩነት በቀጥታ የፈተነ ጥናት አለ። በሳንፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ከእሱ ጋር የተያያዙ የጤና ችግሮች የነበሩባቸውን 43 ልጆች ለዘጠኝ ቀናት ተከታተሉ። የሚበሉትን የካሎሪ መጠን ሳይቀንሱ፣ ከዕለት ጉልበታቸው 28 በመቶ የነበረውን ስኳር ወደ 10 በመቶ አወረዱትና የጎደለውን በስታርች፣ ማለትም በዳቦ፣ በድንችና በመሳሰሉት ምግቦች ተኩት። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የልጆቹ የደም ግፊት፣ በደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብና የኢንሱሊን መጠን ወረደ። ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን ያልነበረውና አጭር ስለሆነ ከሚገባው በላይ ላሸክመው አልፈልግም። ነገር ግን ስታርችና ስኳር አንድ ቢሆኑ ኖሮ፣ አንዱን በሌላው መተካት ምንም ለውጥ ባላመጣ ነበር።

ሁለተኛው ልዩነት ምግቡ ይዞት የሚመጣው ነገር ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ገለባውን ከውስጡ ለይቶ መፈተግ አይቻልም፤ የሚፈጨው ከነሙሉ አካሉ ነው። በመሆኑም 100 ግራም ጤፍ ውስጥ 8 ግራም ያህል አሰር (ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል)፣ 13 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ በዚያ ላይ ብረትና ካልሲየም ይገኛል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ሁኔታ ይወስደዋል። ልጅ እንጀራውን ደግሞ ለብቻው አይበላም፤ ሽሮ፣ ምስር ወይም ጎመን አብሮት አለ። አሰሩና ፕሮቲኑ የምግቡን መፈጨት ያዘገዩታል፣ ሆድንም ቶሎ ያጠግባሉ። ለስላሳ ግን ማኘክ አይፈልግም፣ አያጠግብም፣ ከጠጣው በኋላም ልጁ ያው የተለመደ ምሳውን ይበላል። ዐሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ግማሽ እንጀራ ላይ «ጠገብኩ» ሲል ያየ ወላጅ ሁሉ፣ ያው ልጅ ጠርሙስ ሙሉ ለስላሳ ጨርሶ «ይጨመርልኝ» ሲል ማየቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልቀበላቸው ይገባል። በፉርኖ ዱቄት የሚጋገረው ነጭ ዳቦ፣ ብስኩቱና ኬኩ ከጤፍ፣ ከገብስና ከቂንጬ ይልቅ ወደ ስኳሩ ይቀርባሉ፤ ስንዴው ሲፈተግ አሰሩ ተወግዷልና። ብዙ ቤት ውስጥ የልጅ ቀን የሚጀምረው በነጭ ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር በተጨመረበት ሻይ ነው፤ ምሳ ዕቃው ውስጥ መኮሮኒ፣ መክሰሱ ላይ ብስኩት አለ። እንዲህ ያለው ቀን መለወጥ አለበት። ጸሐፊው «ፉርኖውን ቀንሱ፣ በሶውን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን መልሱ» ብለው ቢጽፉ ኖሮ እኔም ጽሑፉን ለእናቶቹ ራሴ አባዝቼ በሰጠሁ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው የካርቦሃይድሬት መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ካርቦሃይድሬቱን በዋናነት ካልተፈተገ እህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ እንዲያገኝ ይመክራል፤ ለልጆች የሚያስፈልገውንም አሰር ከ2 እስከ 5 ዓመት ቢያንስ 15 ግራም፣ ከ6 እስከ 9 ዓመት 21 ግራም፣ ከዚያ በላይ 25 ግራም አድርጎ አስቀምጧል። ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ አንዲት ግራም አሰር የላቸውም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ልጅ ካርቦሃይድሬት አያስፈልገውም ወደሚለው። የልጅ አካል የትልቅ ሰው አካል ቅናሽ አይደለም። በአራትና በአምስት ዓመት ዕድሜ ገደማ አንጎል ከልጁ የዕለት ጉልበት ውስጥ ከ40 በመቶ በላዩን ብቻውን ይወስዳል፤ ዋናው ነዳጁም ግሉኮስ ነው። ሰውነት ካርቦሃይድሬት ሲያጣ ከስብና ከፕሮቲን ተተኪ ነዳጅ ማዘጋጀት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ጸሐፊውም የተመረኮዙት በዚህ ላይ ነው። ይህ ችሎታ ግን የረኀብ ዘመን መውጫ እንጂ ለሚያድግ ልጅ የዘወትር ሥርዓት ተደርጎ የሚታዘዝ አይደለም። ካርቦሃይድሬትን ከሞላ ጎደል የሚያስቀረው ኪቶጄኒክ የሚባለው አመጋገብ በሕክምና የሚታወቀው መድኃኒት አልበግረው ላለ የሚጥል በሽታ ነው። ለዚያ ሕመም ጠቃሚ መሆኑ የተረጋገጠ ቢሆንም የሆድ ድርቀት፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የኮሌስትሮል መጨመርና የእድገት መዘግየት ሊያስከትል ስለሚችል የሚሰጠው በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ የቅርብ ክትትል ነው። አንድ ጤነኛ ልጅ ስልክ ላይ በተነበበ ጽሑፍ ብቻ ሊጀምረው አይገባም።

ክብደት በመቀነስ ረገድስ? በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 102 ወፍራም ልጆች በሦስት ተመድበው አንዱ ቡድን ካርቦሃይድሬትን አጥብቆ እንዲቀንስ፣ ሁለተኛው ቶሎ ወደ ስኳር የሚለወጡትን ብቻ እንዲያስቀር፣ ሦስተኛው ደግሞ የተለመደውን ምግብ በመጠኑ እንዲበላ ተደረገ። በ2012 በታተመው በዚህ ጥናት ሦስቱም ቡድኖች ተመሳሳይ ውጤት አገኙ፤ መመሪያውን መከተል አብዝቶ የከበዳቸው ግን ካርቦሃይድሬቱን አጥብቀው የቀነሱት ልጆች ነበሩ።

ይህ የመክበዱ ነገር ክፍሌ ድረስ መጥቶብኛል። ባለፈው ወር አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ጽሑፉን ካነበበች ጀምሮ ለሦስት ሳምንት እንጀራ፣ ዳቦና ሙዝ ከልጅቷ አርቃለች። ልጅቷ ሆዷ ደርቆ በአራት ቀን አንዴ ስትጸዳዳ እያለቀሰች ነው፤ አስተማሪዋም ክፍል ውስጥ እንደምታንቀላፋ ልካ ነግራታለች። እናቷ «ያልተነካ ነው የሚመለሰው» ብላ ምሳ ዕቃውን ከቦርሳው አውጥታ ከፈተችልኝ። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳር ዳሩ የረጋ ጥብስና ትንሽ አይብ እንዳሉ ናቸው። ከምሳ ዕቃው ጎን ግን ባዶ የጁስ ካርቶን ነበር፤ «መቼም ጁስ ፍራፍሬ ነው ብዬ ነው፣ ሲስተር» አለች። ልጅቷን ጠጋ ብዬ ምን መብላት እንደምትፈልግ ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ «እንጀራ በሽሮ» አለችኝ። ያቺ እናት ቸልተኛ አይደለችም፤ ጠዋት በሌሊት ተነሥታ ጥብስ የምትሠራ እናት ናት። ያሳዘነኝም ድካሟ ነው፤ መቅረት የነበረበት ካርቶኑ ሆኖ ሳለ የቀረው እንጀራው ነበርና። እንጀራውን፣ ሽሮውንና ጎመኑን መልሳ ጁሱን በውሃ እንድትተካና የሻይ ስኳሩን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሰች እንድትሄድ ነገርኳት። በቀጠሮዋ ስትመለስ የሆድ ድርቀቱ ለቋት ነበር። ክብደቷን ገና እየተከታተልን ነው።

ጸሐፊው ሳያስቡት ያለፉት ሌላም ነገር አለ። በብዙ ቤቶች ዓመቱን ከግማሽ በላይ የሚጾም ማድ ቤት ነው ያለው። ትንሹ ልጅ ባይጾም እንኳ ድስቱ የሚጣደው ለቤተሰቡ ሁሉ ነውና በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ለአንድ ልጅ ለብቻው ጥብስና እንቁላል እያበሰለ የሚኖር ቤት ጥቂት ነው። የጾሙ ገበታ የቆመው ደግሞ በእህልና በጥራጥሬ ላይ ነው፤ ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ባቄላውም ፕሮቲን ይዘው ካርቦሃይድሬትም ናቸው፣ አይነጣጠሉም። ኪሱንም እናስበው። እንጀራን በሥጋ ተካ ማለት በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ ለሚገዛ ቤተሰብ ምክር ሊሆነው አይችልም።

ስለ ፍራፍሬና ስለ ማር ረጅም ክርክር አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች እንዲቀንሱት ከሚመክረው ስኳር ውስጥ ማር በስሙ ተጠርቶ ተቆጥሯል፤ ሳይጨመቅ የሚበላ ሙዝ፣ ብርቱካንና ማንጎ ግን አልተቆጠሩም። ጸሐፊው የፈቀዱት የሚከለከለውን፣ የከለከሉት የሚፈቀደውን ነው። ከዚህም በላይ የሚያሳስበው ደግሞ ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከስኳርነቱም ባሻገር አደገኛ መሆኑ ነው፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ነርቭን የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያመጣ ዘር ሊኖርበት ስለሚችል በጣት አስልሶ ማቅመስ እንኳ አይገባም። ጭማቂን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ዓመት ላልሞላቸው ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉት በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ መክሯል። ይህም ንጹሕ ጭማቂ ሲሆን ነው፤ ጁስ ቤት ውስጥ ስኳር ተጨምሮበት በትልቅ ብርጭቆ የሚቀርበው ስፕሪስ ሌላ ነገር ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ ጥፋቱን ሁሉ በወላጅ ጭካኔ ማነስ ላይ የጣለው፣ ከሁሉም በላይ ልቤን ያሳዘነኝ ነው። ጽሑፉ ልጁን በየሳምንቱ እየመዘኑ ውጤቱን በቤተሰቡ ፊት እንዲነግሩትም ይመክራል። የስምንት ዓመት ልጅ ሚዛን ላይ ቆሞ ወንድሞቹ ፊት ቁጥሩ ሲነበብበት ፊቱ ምን እንደሚመስል በሥራዬ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ተደብቆ መብላት ይጀምራል። በእድገት ላይ ያለ ልጅ ቁመቱ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ብዙ ጊዜ ዓላማችን ኪሎ ማውረድ ሳይሆን ቁመቱ እስኪደርስበት ክብደቱ ባለበት እንዲቆይ ማድረግ ነው። የሳምንት ሚዛን ይህን አያሳይም፤ የሚያሳየው በየጥቂት ወሩ ክብደትና ቁመት አንድ ላይ የሚመዘገብበት የእድገት መከታተያ ካርድ ነው።

ወላጅ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። በባህላችን ድንቡሽ ያለ ልጅ የጤነኛ ልጅ ምልክት ነው፤ አያት «ልጄ ከሳብኝ» ብላ ጉርሻ ስትደግም ፍቅሯን እየሰጠች ነው፤ ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣም ብስኩትና ከረሜላ ይዞ ነው። ይህን መለወጥ ጭካኔ ሳይሆን ቤተሰቡ ተቀምጦ መነጋገርን ይጠይቃል። አያትም ብትነገር ይገባታል፤ ከብስኩቱ ይልቅ ቆሎ አምሳ ብትቋጥርለት ልጁን ያው እንደወደደችው ነው። ልጁ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጦ የሚውልበት፣ መሮጫ ሜዳ ያጣበት፣ አምሽቶ የሚተኛበት ሁኔታም አብሮ መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ የ60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ብርቱ የሆነ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልጋቸው ይናገራል፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል የለውም።

ከቤት ውጭ ያለውን ደግሞ ወላጅ ብቻውን አይችለውም። ልጅ ከትምህርት ቤት በር ሲወጣ ከፊቱ የሚጠብቀው ሱቅ በከረሜላ፣ በቺፕስና በለስላሳ የተሞላ ነው። እንግሊዝ በ2018 ሚያዝያ ወር ስኳር በበዛባቸው ለስላሳ መጠጦች ላይ ግብር ስትጥል ብዙ አምራቾች ግብሩን ለማምለጥ ሲሉ ስኳሩን ቀነሱ፤ ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናትም የ10 እና የ11 ዓመት ሴት ልጆች የውፍረት መጠን ከሚጠበቀው በ8 በመቶ ዝቅ ማለቱን፣ ለውጡም በድሃ አካባቢዎች የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። በወንዶቹ ላይ ግን ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም። ቺሊ በ2016 ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ በበዛበት ምግብ ማሸጊያ ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍና እንዲህ ያለው ምግብ በትምህርት ቤት እንዳይሸጥ በሕግ ደነገገች። እዚያ ያሉ ወላጆች ከእኛ ወላጆች ይበልጥ ጨካኞች ስለሆኑ የመጣ ለውጥ አይደለም።

ሥርዓቱ በአገሪቱ ላሉ ልጆች ሁሉ ይተግበር የሚለውን አምስተኛ ነጥብ በዝምታ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን መካከል 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ደግሞ 2 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት በመጠንም በዓይነትም የሚበቃ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጸሐፊው የሚያዩዋቸው ልጆች፣ ምናልባት በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ያሉት ወይም በዋሽንግተን ዙሪያ የሚያድጉት የወገኖቻችን ልጆች፣ ችግራቸው የእውነት ነው፤ ቁጥራቸውም እየጨመረ ነው። ነገር ግን ለእነሱ የታሰበ ትእዛዝ ገጠር ላለች፣ ለልጇ ገንፎና አጥሚት ለማግኘት ለምትታገል እናት ሲደርሳት ጉዳቱ ከባድ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ቁርስና ምሳ የሚያገኙበት የምገባ መርሐ ግብር አለ፤ የገበታው መሠረትም እህል ነው። እህሉ ጉዳት ነው ብሎ የሚያምን ወላጅ ልጁን ከዚያ ገበታ ቢያስነሣው ምን ሊያበላው ነው? ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው ከእንጀራው መቀነስ ሳይሆን በእንጀራው ላይ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬና አትክልት መጨመር ነው።

በመጨረሻ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደችኝን ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ላንሣ። በቋንቋችን በሽታውም ማጣፈጫውም «ስኳር» ስለሚባሉ፣ ብዙ ሰው የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ስኳር አብዝቶ በልቶ እንደታመመ፣ ስኳር ሲተው ደግሞ እንደሚድን ያስባል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት አንድ የሚባለው ሕመም ግን ስኳር በመብላት አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ኃይል በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ስለሚያጠፋቸው የሚመጣ ነው፤ ልጁ ምንም ቢበላ፣ ምንም ባይበላ ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። ኢንሱሊኑ ሲቋረጥ ደሙ ውስጥ አሲድ ይከማችና በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ኢንሱሊኑን እየወሰደ ምግቡን ያለ ሐኪም ምክር ቢቀንስ ደግሞ ስኳሩ በድንገት ሊወርድና ራሱን ሊስት ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2023 ባወጣው ሪፖርት ዓይነት አንድ ሕመም ላለባቸው ልጆች ካርቦሃይድሬትን አጥብቆ መቀነስ ከቅርብ የሕክምና ክትትል ውጭ እንደማይመከር አስታውቋል።

ጸሐፊው አዲስ ግኝት አድርገው ያቀረቡት ሥርዓት በታሪክ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1922 ጥር ወር ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን እስኪወጋ ድረስ፣ የዓይነት አንድ ሕመም ሕክምና ካርቦሃይድሬትን ከልጁ ማራቅና ምግቡን መቀነስ ብቻ ነበር። ልጆቹ አጥንታቸው እስኪቆጠር እየከሱ ወራትን፣ ቢበዛ ጥቂት ዓመታትን ይኖሩ ነበር፤ ከዚያ ይሞታሉ። በሌሎቹ ነጥቦች ላይ ከጸሐፊው ጋር ልንከራከር፣ ልንማማርም እንችላለን። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬውኑ ከጽሑፋቸው እንዲያወጧት፣ ማውጣታቸውንም አንባቢዎቻቸው በሚያዩት ቦታ እንዲገልጹ በአክብሮት እለምናቸዋለሁ። ጽሑፉን አንብባ የልጇን ኢንሱሊን የቀነሰች እናት ካለችም፣ ነገን ሳትጠብቅ ልጁን ይዛ አቅራቢያዋ ወዳለ ሆስፒታል ትሂድ።